አባባ ተስፋዬ፣ «አባባ» ሳይባሉ በፊት

ወረኢሉ በታሪክ መጽሐፎቻችን የምትገባው በአንድ በር ብቻ ነው። አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መስከረም የዘመቻውን አዋጅ ሲያስነግሩ ሠራዊት ከቶ እንዲጠብቃቸው ካዘዙባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ተማሪ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሠራዊቱ አልፎ ወደ ዓድዋ ከሄደ በኋላ ግን መጽሐፉ ስለ ወረኢሉ ዝም ይላል። ሰዉም የሠራዊቱን ኮቴ ሲቆጥር የኖረ ይመስል፣ ሌላ ነገሩን የሚጠይቅ የለም። እኔ ባለፈው ዓመት ወረኢሉ የወረድኩት ለምኒልክ አልነበረም፤ ለአንድ ዘመዴ ልጅ ሰርግ ነው።

ማታ ሙሽሮቹ ከሄዱ፣ ትልልቁ እንግዳም ከተሸኘ በኋላ ዳሱ ውስጥ የቀረነው ቤተ ዘመድና ጥቂት ጎረቤት ነበርን። ከመካከላችን አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ሰውየው ሰው ያስመስላል። የደሴ አውቶቡስ ረዳት ሆኖ ተሳፋሪ ሲጣራ፣ ችሎት ፊት የቆመ ባለጉዳይ ሆኖ ሲንተባተብ፣ ሰካራም ሆኖ ከገዛ አጥሩ ጋር ሲጣላ፣ ምን አለፋችሁ፣ የከተማው ሰው በሙሉ ተራ በተራ በዳሱ ውስጥ አለፈ። ሳቁ ገና ሳይበርድ ከሚዜዎቹ አንዱ «አቦ ይሄ ሰውዬ፣ አባባ ተስፋዬ ነው'ኮ!» አለ።

አክስቴ ይህን አልወደዱትም። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፤ ጆሯቸው ግን እንደ ድመት ነው። «ተው እንጂ ልጄ!» አሉ። «አባባ ተስፋዬ ጨዋ ሰው ናቸው። ለልጅ ተረት የሚናገሩ አባት። መቼ እንዲህ የሰው ገላ የሰው ምላስ ሲሰርቁ ታዩ?»

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። ለሠላሳ ዓመት ሲያስተምር የኖረ ሰው ስሕተት ሰምቶ ዝም ማለት አይሆንለትም። «እትዬ» አልኳቸው፣ «አባባ ተስፋዬ እኮ ወጣት ሳሉ ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው፣ መድረክ ላይ ሴት ሆነው የተጫወቱ ሰው ናቸው።»

ዳሱ ጸጥ አለ። አክስቴ ታቦት የሰደብኩ ያህል አዩኝ። «ሆ! አንተ ደግሞ ስትማር ስትማር የማይወራውን ታወራለህ» አሉኝ።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው ለአክስቴ ነው። እሳቸው ባያነቡትም።

ተስፋዬ ሳህሉ የተወለዱት በ1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ከዱ በሚባል ቦታ ነው። ልጅ ሆነው አዲስ አበባ መጡ። ጣልያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባቋቋመው የቴአትር ክፍል ገቡ፤ ኮሪያ ለዘመተው ሠራዊት ጨዋታ ሊያሳዩ እስከዚያ ድረስ ተጓዙ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት የመድረኩ ሰው ሆኑ። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን የልጆች ጊዜንም የጀመሩት ያኔ ነው። እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ፣ ለ42 ዓመት ያህል «ጤና ይስጥልኝ ልጆች! የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ሲሉ ኖሩ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አረፉ።

እዚህ ላይ እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በ1915 የተወለደ ሰው በ1957 ስንት ዓመቱ ነው? 42። አባባ ተስፋዬ የልጆችን ጊዜ ሲጀምሩ ገና የ42 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ ማለት ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው «ጋሼ» ይባላል እንጂ አያት አይሆንም። እኛ ግን የምናስታውሳቸው እንደ አያት ነው፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ ልጆች ከበዋቸው፣ ድምፃቸውን እያወፈሩና እያቀጠኑ አንበሳውንም ጦጣዋንም ሲሆኑ። እኔ እንደሚመስለኝ «አባባ» የሚባለው ሰው ራሱ አንድ ገጸ ባሕርይ ነበር፤ ሃያ ዓመት ያህል መድረክ ላይ ሌላ ሰው መሆንን ሲለማመድ የኖረ ተዋናይ የፈጠረው። ልዩነቱ ይህኛው ቴአትር መጋረጃ አልነበረውም። ተዋናዩም ገጸ ባሕርዩን እየተጫወተ አርጅቶ በመጨረሻ ገጸ ባሕርዩን አከለ። በዓለም ላይ አንድን ገጸ ባሕርይ 42 ዓመት ያህል የተሸከመ ተዋናይ ስንት እንዳለ አላውቅም፤ ብዙ እንደማይሆን ግን እገምታለሁ።

ፈረንጆች ለዚህ ዓይነቱ ተዋናይ የተለየ ስም አላቸው። ዋናውን ጀግና የሚጫወት መልከ መልካም አይደለም፤ ዛሬ ሽማግሌ፣ ነገ ዘበኛ፣ ከነገ ወዲያ ቄስ፣ ሲያስፈልግም አሮጊት የሚሆነው ነው። ተመልካቹ ፊቱን ያውቀዋል፣ ስሙን ግን ይረሳዋል። በእኛ ቋንቋ «መሪ ተዋናይ» አለ፣ «ረዳት ተዋናይ» አለ፣ አንዳንዴም «አጃቢ» እንላለን። «አጃቢ» የሚለው ቃል መቼም ያስቀኛል። ንጉሥ ነው ወይስ ሙሽራ የሚያጅበው? ግዕዙ «ተዋነየ» ሲል ተጫወተ፣ ቀለደ ማለቱ ነው፤ ተዋናይም ተውኔትም ከዚያ የመጡ ናቸው። ቃሉ ገና ከሥሩ ቀልድ አለበት፤ ምናልባት ሙያው እንደ ቁም ነገር ሳይቆጠር የኖረውም ለዚህ ይሆናል።

የሙያው አጀማመር ራሱ በክልከላ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከውጭ ተምረው ሲመለሱ አዝማሪውንና ዘፈኑን አይተው «ይህ ቴአትር አይደለም» ብለው፣ እንስሳትን እያናገሩ የቤተ መንግሥቱን ሹማምንት የሚሸነቁጥ ተውኔት ጻፉ። ነገሩ ገባቸውና የንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ከለከለው። ከዚያ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ተማሪዎችን እያሠለጠኑ ተውኔት አሳዩ። በ1927 የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ ጣልያን እየመጣ ነበርና መድረኩ ሕዝብ መቀስቀሻ ሆነ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በተውኔቱ ውስጥ እናት አለች፣ ሙሽራ አለች፣ አገርን የምትወክል ሴትም አለች። መድረኩ ላይ ግን የምትወጣ ሴት አልነበረችም።

ለምን? ይህን ለአክስቴ ማስረዳት አያሻም፤ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ሰው ፊት ቆሞ መዝፈን የአዝማሪ ሥራ ነው፤ ጨዋ ቤተሰብ ልጁን ለአዝማሪ አይድርም፣ አዝማሪ እንድትሆንማ ጨርሶ አይፈቅድም። ሰው ፊት የምትዘፍን ሴት ደግሞ የጠጅ ቤት ሴት ናት ተብሎ ተፈርዶባታል። ያኔ ልጄ ተዋናይት ሆነች ብሎ በየማኅበሩ ደረቱን የሚነፋ አባት ከየት ይመጣል? ስለዚህ ደራሲው ሴት ሲጽፍ አዘጋጁ ወንድ ይፈልጋል። ይህ የእኛ ብቻ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ እስከ 1660 እ.ኤ.አ. ድረስ በሕዝብ መድረክ ላይ ሴቶችን የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ የሼክስፒር ጁልየትም ኦፊሊያም መጀመሪያ የታዩት በጎረምሳ ገላ ነው። ጃፓኖች በ1629 እ.ኤ.አ. ሴቶችን ከካቡኪ መድረክ ካገዱ በኋላ ሴትን የሚጫወቱ ወንዶች ራሱን የቻለ የተከበረ ሙያ አወጡ፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ፣ እስከ ዛሬም ያለ።

በእኛ ዘንድ ግን ክብሩ አልተከተለም። ቀሚስ የለበሰው ወንድ ሁለት ጊዜ ይሰደባል፤ አንድ ጊዜ አዝማሪ ተብሎ፣ ሁለተኛ ሴታሴት ተብሎ። ወንድነት በጎፈርና በጋሻ በሚለካበት አገር፣ ጦርነት ገና ካበቃ ጥቂት ዓመት ብቻ በሆነበት ጊዜ፣ አንድ ጎረምሳ ሻሽ አስሮ ሲወጣ በአዳራሹ ውስጥ ምን ዓይነት ሳቅ እንደሚነሣ መገመት አያቅትም። የተዋናዩም ፈተና ያ ሳቅ ነው። መጀመሪያ ይሳቅበታል። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ተመልካቹ ሳቁን ረስቶ ለሴትዮዋ ካላዘነ፣ ተዋናዩ አልሠራም ማለት ነው። አረማመዱን፣ ነጠላው ሲወድቅ የሚያነሣበትን እጅ፣ ሰው ፊት ሲናገር የሚሰብረውን ዓይን ከየት ነው የሚያገኘው? ከእናቱ፣ ከእህቱ፣ ከጎረቤቱ። በሌላ አነጋገር፣ ሴቶችን እንደዚያ ልብ ብለው እንዲያዩ ሥራቸው ያስገደዳቸው ወንዶች እነዚህ ናቸው።

ቆይቶ ሴቶች መጡ። አስናቀች ወርቁ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት፤ ክራሯን ብቻ የሚያውቅ ተዋናይነቷን ይረሳል፤ በ2004 ዓ.ም. መስከረም ስታርፍም ብዙው ሰው ያነሣው ክራሯን ነው። እነሱ ሲመጡ ተስፋዬ ሳህሉን የመሳሰሉት ቀሚሱን አስረክበው ወደ ሽማግሌው፣ ወደ ቀልደኛው፣ ወደ ምትሃተኛው ሄዱ። ማንም አላመሰገናቸውም። መንገድ የጠረገ ሰው መንገዱ ካለቀ በኋላ አካፋውን ይዞ ዳር ይቆማል፤ እንደዚያ ነው የሆነው።

ስለ ኮሪያ አንድ ነገር ልበል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቃዎች እየተፈራረቁ ዘምተዋል፤ 121 ሰው ሞቶብናል፣ ከ500 በላይ ቆስሏል፣ አንድም ወታደር አልተማረከም። ይህንን ሁሉም ያወራል። እዚያ በረዶ ውስጥ ላለ ወታደር በአማርኛ የሚያስቅ ሰው ተልኮ እንደነበር ግን ስንቱ ያስታውሳል? ጓደኛውን ትናንት የቀበረን ሰው ዛሬ ማሳቅ ምን ያህል ጥበብ እንደሚጠይቅ አስቡት። አባባ ተስፋዬ በኋላ ልጆች ፊት ያልደነገጡት እንዲያው አይደለም፤ ከልጅ የከበደ ተመልካች ቀድሞ አይተዋል።

በ1948 ዓ.ም. ለዘውድ በዓሉ 25ኛ ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተመረቀ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው። ለመክፈቻው የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ታየ። ይህን ነገር ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንዳስተማርኩ አልቆጥረውም። ደራሲው ማን ነው፣ ጭብጡ ምንድን ነው፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ምን ወሰደ፣ ለዘመኑ መንግሥት ምን ይላል። ሁሉንም በደንብ አስተምሬአለሁ።

አንድ ቀን ከመካነ ሰላም የመጣ ተማሪ እጁን አወጣ። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ በዓመቱ ውስጥ ሲናገር የሰማሁት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። «መምህር፣ ዳዊትን ማን ነው የተጫወተው?» አለኝ።

አላውቅም ነበር። አላውቅም ብል ምን ነበረበት? እኔ ግን «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁም ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ እጁን አላወጣም።

ይህ ነገር ዛሬም ይቆጠቁጠኛል። የልጁ ጥያቄ ትክክል ነበር። እሱ ባደገበት አገር «ጥሩ ለቅሶ ነበር» ሲባል የሚጠየቀው «ማን አለቀሰ?» ተብሎ ነው እንጂ «ግጥሙን ማን ደረሰ?» ተብሎ አይደለም። ጨዋታው የተጫዋቹ ነው። እኛ የሥነ ጽሑፍ መምህራን ግን ቴአትርን ወረቀት አደረግነው። ወረቀቱ ስላለ፣ ሊጠቀስ ስለሚችል፣ የግርጌ ማስታወሻ ስለሚያወጣ። ጸጋዬ ገብረ መድኅንን፣ መንግሥቱ ለማን እስከ ነጠላ ሰረዛቸው እናውቃለን፤ ቃላቸውን በላብ ያጠመቁትን ሰዎች ግን በጅምላ «ተዋንያን» ብለን አልፈናል። ከመደርደሪያዬ ያወረድኳቸው አንዳንድ የተውኔት መጻሕፍት የመጀመሪያዎቹን ተጫዋቾች ስም እንኳ አልያዙም። ሌላውን ከመክሰሴ በፊት ራሴን ነው የምከስሰው፤ ሩብ ምዕት ዓመት ሙሉ እነዚያ ሰዎች በሕይወት ነበሩ፣ እኔም እዚያው አዲስ አበባ ነበርኩ። አንድ ታክሲ ይዤ ሄጄ «ጋሼ፣ ያን ቀሚስ መጀመሪያ ሲያለብስዎት ምን ተሰማዎት?» ብዬ አልጠየቅኩም።

የተረፉት መሣሪያ የረዳቸው ናቸው። ወጋየሁ ንጋቱ መድረክ ላይ ምን ይመስል እንደነበር የእኔ ትውልድ በወሬ ነው የሚያውቀው፤ ድምፁን ግን ወረኢሉም፣ አቀስታም፣ መካነ ሰላምም ያውቀዋል፤ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ስለተረከው። ጉዱ ካሣ ለብዙ ወሎዬ በወጋየሁ ጉሮሮ የሚናገር ሰው ነው። ደበበ እሸቱ በ1973 እ.ኤ.አ. ሆሊውድ በሠራው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ላይ ዋሳ የተባለውን ሰው ተጫውቷል፤ ፊልም ነውና ያ ፊቱ በወጣትነቱ ተቀምጧል። ፈቃዱ ተክለ ማርያም በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ በኩላሊት ሕመም ሲያርፍ ሕዝቡ ያለቀሰው ላየው ብቻ አልነበረም፤ ለሰማውም ጭምር ነው። ማይክሮፎንና ካሜራ ያላገኙት ግን የሞቱት ሁለት ጊዜ ነው።

የአባባ ተስፋዬ ነገር ደግሞ የተለየ ነው። እሳቸውን ካሜራ አገኛቸው፣ ግን አንዱን ፊታቸውን ብቻ። ያ ፊት በጣም ስለተወደደ ሌሎቹን ሁሉ ዋጣቸው። እኔ ራሴ መጀመሪያ ያየኋቸው በ1970ዎቹ ደሴ ውስጥ አንድ የቤተሰብ ወዳጅ ቤት ነው፤ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ሳሎኑ ውስጥ መሬት ላይ ተኮልኩሎ። አንበሳ ሲሆኑ አንዲት ትንሽ ልጅ አልቅሳ ወጣች። ያ ሁሉ ሳሎን ውስጥ ታላቅ ተዋናይ እያየን እንደነበር የነገረን የለም። ቢነገረንም አንሰማም ነበር፤ ለእኛ እሳቸው ዘመድ ናቸው።

አወጣጣቸውም አላማረም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በተናገሩት አንድ ተረት የተነሣ ከቴሌቪዥኑ ተሰናበቱ። እኔ ለተረቱ ጠበቃ አልቆምም፤ አያቶቻችን ሲስቁበት የኖሩት ሁሉ ለዛሬ ልጅ ይነገር የሚል ሰው አይደለሁም። ድሮ የተማርናቸው ተረቶች ውስጥ ሊታረም የሚገባው ብዙ ነው። ነገር ግን ያን ያህል ዘመን ከልጅ ጋር የተጫወተ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ሲሸኝ ጋቢ ይለብሳል፣ ይመረቅለታል፣ በር ድረስ ይሸኛል። ለቤት ሠራተኛ እንኳ የምናደርገውን ነው ያጣነው።

አሁን ወደ ዳሱ ልመለስ። አክስቴ ስላኮረፉኝ ሌላ መንገድ ፈለግሁ። «እትዬ፣ ያቺን አልቃሽ ያስታውሷታል?» አልኳቸው። እኔ ልጅ ሳለሁ በአንድ ትልቅ ሰው ለቅሶ ላይ አንዲት አልቃሽ የሟቹን ካፖርት ደርባ፣ ከዘራውን ይዛ፣ እንደ እሱ ግራ እግሯን እየጎተተች አደባባዩን ዞራ ነበር። ሰው ሁሉ «መጣ! መጣ!» እያለ ደረቱን ደቃ። የሟቹ ሚስት ልትይዛት ሮጠች።

«እንዴት እረሳታለሁ!» አሉ አክስቴ። «እሱን ራሱን አደረገችው'ኮ። እኔማ ያን ቀን የወጣልኝ እንባ ለአባቴም አልወጣልኝ።»

«ታዲያ ሴት ወንድ ስትሆን ያልነወረ፣ ወንድ ሴት ሲሆን ለምን ይነውራል?»

«እሱማ ለቅሶ ነው።»

«ያኛውስ?»

አልመለሱልኝም። ልብስ ሰፊው ግን ነገሩን ከዳር ሆኖ ሲከታተል ኖሯል፤ ብድግ ብሎ ከአንዷ ልጃገረድ ነጠላ ለመነና ተከናነበ። ወገቡ ላይ ደግሞ መቀነት ብሎ ገመድ አሰረ። ገበያ ወጥታ ቅቤዋ ያልተሸጠላት ሴትዮ ሆኖ ሊጀምር ነው። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ መውረግረግ ሲጀምር ሚዜዎቹ አስካኩ።

አክስቴ ትንሽ አዩትና ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እንዲህ አይደለም!» አሉ። ገመዱን ፈቱበት። ከራሳቸው ወገብ መቀነታቸውን አውጥተው ሁለት ዙር አዞሩለት፤ ጫፉን ገንዘብ እንደሚቋጠርበት አድርገው ቋጠሩት፤ ነጠላውን ከትከሻው ሳብ አድርገው አወረዱት። «ቅቤ ያልተሸጠላት ሴት እጇን ወገቧ ላይ አታደርግም» አሉት። «ልጆቿን ነው የምታስበው። በል አሁን ሂድ።»

ሄደ። በዚህኛው ጊዜ የሳቀ አልነበረም።